«ስክራምብልድ» ሲል ጣሪያ ላይ አትውጡ

ባሕር ዳር ክረምት ላይ ምስል ሲጠፋ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ዲሹ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን ከፍሎ ምስል ያጣ አንድ የክፍያ ቲቪ ደንበኛ ቤት ግን ሪሲቨሩ የሚለው «ኖ ሲግናል» (ሲግናል የለም) ሳይሆን «ስክራምብልድ» (ምስሉ ተቆልፏል) ነበር፤ የሲግናል ጥራቱም ደህና ነው። ሁለቱ አይገናኙም። የመጀመሪያው የዲሽ፣ የኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት የተገጠመው ሲግናል ተቀባይ) ወይም የገመድ ጣጣ ነው። ሁለተኛው ግን ሲግናሉ ገብቶ መፍቻው ቁልፍ ሲጠፋ የሚመጣ ነው።

ክፍያው ተከፍሏል፣ ካርዱም ደህና ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ምስሉ የተቆለፈበት ቁልፍ በየጥቂት ሴኮንዱ ይለዋወጣል፤ ካርዱ ቁልፉን የሚያወጣው የማየት ፈቃዱ ካላለፈበት ብቻ ነው። የፈቃዱ እድሳት የሚላከው በዚያው በሳተላይት ስለሆነ፣ ለሳምንታት ከሶኬት ተነቅሎ የከረመ ሪሲቨር እድሳቱ ያመልጠዋል።

መፍትሔው፦ ሪሲቨሩን ንቀሉ፤ ካርዱን አውጥታችሁ ወርቃማውን ገጽ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና ሪሲቨሩ ላይ በተሣለው አቅጣጫ መልሱት። ከዚያ ሪሲቨሩን መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ በከፈላችሁበት ጥቅል ውስጥ ያለ ቻናል ከፍታችሁ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሉ፤ የካርዱን ቁጥር ነግራችሁ ፈቃዱ እንደገና እንዲላክ ጠይቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሪሞቱን አትንኩ። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። ፋክተሪ ሪሴትማ የቻናል ዝርዝሩን ያጠፋል እንጂ ፈቃድ አያመጣም።

የኢትዮሳት ነጻ ቻናሎች (ሳተላይቱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000) ግን ቁልፍ የላቸውም። እነሱ ከጠፉ ያኔ መሰላል አምጡ፦ ከባሕር ዳር ዲሹ ከሰሜን በምሥራቅ በኩል 120 ዲግሪ ያህል ዞሮ፣ 63 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ ማየት አለበት።