ሪከርድ ብቻ አትዩ፦ የአንዲት ፊንላንዳዊት ተፋላሚን ዘመን በደብተር መከታተል

ባለፈው ጃንዋሪ ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «ያቺ ሁሌ የምታወሪልኝን ፊንላንዳዊት ሪከርዷን አየሁት» አለችኝ። «ቀበቶውን ገና ከማግኘቷ ነው እንዴ የተነጠቀችው? እኔ እኮ የምር ትልቅ ተፋላሚ መስላኝ ነበር።»

የሌሊት ፈረቃ ልገባ እየተጣደፍኩ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩላትም። አውቶቡስ ውስጥ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔም ስጀምር እንደዚያ ነበር የማየው። ስንት አሸነፈች፣ ስንት ተሸነፈች፣ አለቀ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ስፖርቱን ገና መከታተል ለጀመረ ሌላ ሰውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ሄልሲንኪ ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ክለብ ሄጄ ቅይጥ ማርሻል አርት እለማመዳለሁ። እዚህ አገር ስፖርቱን «ቫፓኦተሉ» ይሉታል። «ቫፓ» ነጻ ማለት ነው፣ «ኦተሉ» ደግሞ ግጥሚያ። እህቴ ያለቻት ተፋላሚ ካትያ ካንካንፓ ናት። ቡጢ፣ እርግጫ፣ ትግልና ማነቆ በሚፈቀድበት በዚህ ስፖርት፣ ኢንቪክታ የሚባለውን የሴቶች ፍልሚያ ድርጅት የ52 ኪሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወደ ፊንላንድ ያመጣች ሴት ናት።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሁለት ነጻ ምሽት ነው። የተፋላሚዎችን ሪከርድ ሸርዶግ ወይም ታፖሎጂ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ታገኛላችሁ።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ገልብጡት። እነዚህ ገጾች የቅርቡን ግጥሚያ ከላይ፣ የድሮውን ከታች ያስቀምጣሉ። ከላይ ወደ ታች ካነበባችሁ የሰውየውን ታሪክ ከመጨረሻው ጀመራችሁት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ሽንፈት ነው፤ ማንም ተፋላሚ ቢሆን እድሜ ይጫነዋል። ስለዚህ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ በእጃችሁ ገልብጡ። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ መስመር ይበቃል። ቀን፣ ከተማ፣ ተጋጣሚ፣ እንዴት እንዳለቀ፣ በስንተኛው ዙር። «ዲሲዥን» የሚል ካያችሁ ዙሮቹ ተሟጠው በዳኞች ነጥብ ተወስኗል ማለት ነው። «ሰብሚሽን» ካለ አንዷ በማነቆ ወይም በመገጣጠሚያ ቁልፍ ተይዛ እጅ ሰጥታለች።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን አስቸግሮኛል። የመጀመሪያው ደብተሬ ላይ ግማሹን በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹን በፈረንጆቹ ጽፌ ዓመታቱ ተምታቱብኝ። ካትያ ቀበቶውን ያገኘችው ዲሴምበር 5፣ 2014 ነው። በእኛ ኅዳር 26፣ 2007 ዓ.ም. ይሆናል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ። እኔ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከገጾቹ ጋር ለማመሳከር ይቀላል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ከግጥሚያዎቹ ጎን ሌላ ዓምድ አስምሩ። እዚያ ላይ በዚያው ጊዜ በስፖርቱ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ጻፉ። እኔን ያነቃኝ ይህ ዓምድ ነው።

በካትያ ዓምድ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው። ኤፕሪል 2012፦ ሴቶች ብቻ የሚፋለሙበት ኢንቪክታ በካንሳስ ሲቲ የመጀመሪያ ዝግጅቱን አደረገ። ፌብሩዋሪ 2013፦ የስፖርቱ ትልቁ ድርጅት ዩኤፍሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን አፋለመ፤ ሮንዳ ራውዚ ሊዝ ካርሙሽን አሸነፈች። የ2013 መጨረሻ፦ ዩኤፍሲ የ52 ኪሎ ምድብ እከፍታለሁ አለና ብዙዎቹን ሴቶች ከኢንቪክታ ወሰደ። የኢንቪክታ ሻምፒዮን የነበረችው ካርላ ኤስፓርዛም ሄደች። ቀበቶው ባለቤት አጣ።

ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ዲሴምበር 2014ን ተመልከቱ። በ5ኛው ቀን ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ካትያ ለዚያ ባዶ ቀበቶ ከአሜሪካዊቷ ስቴፋኒ ኤጊንክ ጋር ገጠመች። ልክ በሳምንቱ፣ በ12ኛው ቀን፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርላ ኤስፓርዛ ሮዝ ናማዩናስን አሸንፋ የዩኤፍሲ የመጀመሪያዋ የ52 ኪሎ ሻምፒዮን ሆነች። የዓለም ዓይን በሙሉ ያረፈው በሁለተኛው ላይ ነበር። ሪከርዱ ላይ ግን የካትያ መስመር «አሸነፈች» ብቻ ነው የሚለው።

አንዳንድ ሰዎች ያ ቀበቶ ሌላ ሰው ጥሎት የሄደ ነው ይላሉ። በፍጹም አልስማማም። ኤጊንክ ኤክስኤፍሲ በሚባለው ድርጅት ሻምፒዮን የነበረች ሴት ናት። ግጥሚያው የቀበቶ ስለነበር አምስት ዙር የተመደበለት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር አምስት ደቂቃ። ካትያ ያሸነፈችው በአምስተኛው ዙር ነው፤ ያውም በማነቆ። ከሃያ ደቂቃ ፍልሚያ በኋላ ሰው አንቆ እጅ ማሰጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ፍልሚያ፣ የሠራ ሰው ያውቀዋል። እኔ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ጣቶቼን መጨበጥ ያቅተኛል።

እዚህ ጋ የሰዓት ልዩነቱንም አስሉ። ሂውስተን ከሄልሲንኪ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ አምሽቶ ሲፋለሙ፣ እዚህ ቀኑ ተቀይሮ ዲሴምበር 6 ገብቶ ነበር። ዲሴምበር 6 የፊንላንድ የነጻነት ቀን ነው። ሲመሽ በየመስኮቱ ሁለት ሁለት ሻማ ይበራል። እኔ ይህን ሳሰላ ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ከሁለቱ ዓምዶች ነው ያገኘሁት። በዚያ ሌሊት አዛውንቶቹ ተኝተው ባይሆን ኖሮ አንዳቸውን ጠርቼ እነግራቸው ነበር።

ካትያ ያሸነፈችበትን ማነቆ ማየት የሚፈልግ «ዳርስ» ብሎ ይፈልግ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጋጣሚሽ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እግርሽን ልትይዝ ስትመጣ፣ ወይም ከወደቀችበት ልትነሳ ስትል፣ ክንድሽን በብብቷ ሥር አሳልፈሽ በአንገቷ በኩል ታወጪዋለሽ። ከዚያ በሌላው እጅሽ ትቆልፊዋለሽ። አንገቷ በአንድ በኩል በክንድሽ፣ በሌላው በኩል በገዛ ትከሻዋ ይጨመቃል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራብኝ አላመመኝም። ጆሮዬ ውስጥ የባሕር ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁና በእጄ መታ መታ አደረግኩ። ስለዚህ ስትመለከቱ ፊት ላይ ስቃይ አትፈልጉ። የተያዘችውን ትከሻ እዩ። ወደ አንገቷ እየቀረበ ከሄደ ነገሩ እያለቀ ነው።

ከዚያ ሽንፈቶቹን አንብቡ። እህቴ የቸኮለችው እዚህ ላይ ነው። በ2013 ካትያ በስኮትላንዳዊቷ ጆአን ካልደርውድ በዳኞች ውሳኔ ተሸንፋ ነበር። ካልደርውድ በሙዋይ ታይ፣ ማለትም በታይላንድ ቦክስ፣ ያደገች፣ በጉልበት ምቷና በእርግጫዋ የምትፈራ ሴት ናት። ዙሮቹን በሙሉ ከእሷ ጋር ቆሞ መጨረስ ራሱ ብዙ ይናገራል። ደብተሬ ላይ ከዚህ ሽንፈት እስከ ቀበቶው ቀስት ሣልኩ። መሀሉ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ቀበቶውን ያጣችው ኤፕሪል 24፣ 2015 ነው። ብራዚላዊቷ ሊቪያ ሬናታ ሶውዛ በአራተኛው ዙር በማነቆ አሸነፈቻት። አራት ወር ከምናምን ነው ያቆየችው። «ወዲያው ተነጠቀች» ከማለታችሁ በፊት የሶውዛን ሪከርድም በዚያው መንገድ ገልብጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያሸነፋት ሰው አልነበረም፤ በኋላም ዩኤፍሲ ወስዷታል። የተሸነፈችበትን ሰው ሳያዩ ሽንፈትን መመዘን አይቻልም።

ኪሎንም አትርሱ። ፊንላንድ አምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ያላት አገር ናት። ከዚያ ውስጥ በኬጅ፣ ማለትም በአጥር በተከለለው መፋለሚያ፣ የምትፋለም፣ በዚያ ላይ 52 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስንት ልትገኝ ትችላለች? ተጋጣሚ ፍለጋ ሻንጣ ማንሳት ግድ ነው። ይህን በደንብ ያስተማረችኝ ሌላዋ ፊንላንዳዊት ሚና ግሩሳንደር ናት። የእሷ ምድብ ከካትያም ይቀላል፤ 47.6 ኪሎ ነው። በ2018 ሁለት ጊዜ፣ በጁላይና በዲሴምበር፣ ከጂን ዩ ፍሬይ ጋር ለኢንቪክታ ቀበቶ ተፋልማ በሁለቱም በዳኞች ውሳኔ ተሸነፈች። «ታዲያ ዩኤፍሲ ለምን አልገባችም?» የሚል ካለ መልሱ ሚዛኑ ላይ ነው። ዩኤፍሲ ይህ ምድብ የለውም። ፍሬይ ራሷ በኋላ ስትገባ ወደ 52 ኪሎ ወጥታ ከእሷ ከሚገዝፉ ሴቶች ጋር ነው የተፋለመችው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ከስሙ አጠገብ ኪሎውን ጻፉ፤ ከዚያ በላይ የትኛው በር ክፍት እንደነበረ ጠይቁ።

የግሩሳንደርና የፍሬይ የመጀመሪያ ግጥሚያ ለልምምድም ግሩም ነው። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለፍሬይ፣ አንዱ ለግሩሳንደር ነው የሰጡት። አራተኛ ዳኛ ሁናችሁ ተቀመጡ። ድምፁን አጥፉ። ኮሜንታተሮች አንዷን ካወደሱ ዓይናችሁ ሳታውቁት እሷን ይከተላል። ዙሩን ላሸነፈችው 10፣ ለተሸነፈችው አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣል። ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳት ላደረሰ ምትና ለአደገኛ ማነቆ ነው። ወደ ፊት መራመድ ብቻውን ነጥብ አያመጣም። እያንዳንዱ ዙር እንዳለቀ ቪዲዮውን አቁሙና ወዲያው ጻፉ። በመጨረሻ ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ውጤቱን ስሙ።

አንድ የሚያስቆጨኝን ነገር ልናገር። ካትያ ቀበቶውን ካገኘች ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 24፣ 2015፣ ማክዋን አሚርካኒ የሚባል ከፊንላንድ የመጣ የኩርድ ልጅ ስቶክሆልም ውስጥ በስምንት ሰከንድ አሸነፈ። ድንቅ ነው፤ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ክለባችን ውስጥ ያን በጉልበቱ የሰነዘረውን ምት የማያውቅ ሕፃን የለም። የካትያን አምስተኛ ዙር ያየ ስፈልግ ግን ከሴቶቹ ሁለት ብቻ አገኘሁ። በስምንት ሰከንድ ያለቀ ነገር ስልክ ላይ ለማሳየት ይመቻል። አምስት ዙር ለማየት ግን ቁጭ ማለት ይጠይቃል። ቁጭ በሉ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በድምፅ መልእክት ነግሬያት ነበር። ባለፈው ሳምንት የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሁለት ዓምድ አስምራለች፤ ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ከታች የግሩሳንደርንና የፍሬይን ግጥሚያ ዳኝታለች፤ 48 ለ47፣ ለግሩሳንደር። እኔ ለፍሬይ ነበር የሰጠሁት። የተለያየነው በሦስተኛው ዙር ነው። እሑድ እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ፣ እሷም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ያንን ዙር ስልክ ላይ ሆነን አብረን ደግመን ልናየው ተቀጣጥረናል።