የፍርድ ቤት ቀጠሮ ካመለጠዎት

የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ቀጠሮ ካመለጠዎት በዚያው ቀን ወደ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) ይደውሉ ወይም ይሂዱ። የመዝገብ ቁጥሩን ሰጥተው መዝገቡ ለሌላ ቀን መቀጠሩን፣ መዘጋቱን ወይም ውሳኔ ማግኘቱን ይጠይቁ። ከሳሽ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሽ ሲቀር ግን በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል።

ከተፈረደብዎት የውሳኔውን ግልባጭ አውጥተው «በሌለሁበት የተሰጠው ውሳኔ ይነሳልኝ» የሚል ማመልከቻ ያስገቡ። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ጭምር ይጠይቁ። «ታምሜ ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ የሕክምና ማስረጃ ያያይዙ። መጥሪያው በትክክል ካልደረሰዎት ይህንኑ ያስቀድሙ፣ ጠንካራ ምክንያት ነውና። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ለክሱ ያላቸውን መልስ መግለጽ ነው፤ ደረሰኝ ወይም ውል ካለዎት አብረው ያቅርቡ።

ማመልከቻው ብቻውን የውሳኔውን አፈጻጸም ላያስቆም ስለሚችል እግድም፣ ማለትም አፈጻጸሙ ለጊዜው እንዲቆም የሚያዝ ትእዛዝ፣ አብረው ይጠይቁ።