የጎልፍ ዱላ በአዳማ፦ ከሙቀት፣ ከአቧራና ከጉዞ እንዴት ይጠበቃል?

የጎልፍ ዱላ ኳስ ሲመታ ከሚደርስበት ጉዳት ይልቅ ቆሞና ተጭኖ ሳለ የሚደርስበት ይብሳል። አዳማ ለሚኖርና አዲስ አበባ ወርዶ ወጥቶ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ዱላው ሣር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት፣ መኪና ውስጥና ቤት ጥግ የሚከርመው ግን ሳምንቱን ሙሉ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁ። የዱላው ራስ ከዘንጉ ጋር የተያያዘው በብየዳ ሳይሆን በኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። ራሱ በቁልፍ የሚፈታው ድራይቨርም (ኳስ ሩቅ የሚመታበት ረጅሙ ዱላ) ቢሆን ዘንጉ ከማገናኛው ጋር የተጣበቀው በዚሁ ነው። ይህን ማጣበቂያ የሚያላቅቀው ሙቀት ነው። ጥገና የሚሠራ ሰው ራሱን ከዘንጉ ለመንቀል ሲፈልግ አንገቱን ሆን ብሎ ያሞቀዋል። በፀሐይ የቆመ መኪና የዚያን ያህል ባያግልም፣ ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ቀን እየጋለ ማታ እየቀዘቀዘ ለወራት ሲመላለስ ብረቱና ማጣበቂያው እኩል ስለማይለጠጡና እኩል ስለማይሰበሰቡ ትስስሩ ቀስ በቀስ ይላላል። የመያዣው ላስቲክም በዚያው ሙቀት ይደርቃል፣ ያንሸራትታል፣ ኋላም ይሰነጠቃል።

ስለዚህ መኪና ዱላ ማጓጓዣ እንጂ ዱላ ማስቀመጫ አይደለም። ከፈጣን መንገዱ ወርዳችሁ ቤት እንደገባችሁ ቦርሳውን አውርዱ። «ቅዳሜ ደግሞ እሄዳለሁ፣ እዚያው ይደር» የሚለው ሐሳብ ነው ብዙ ዱላ የሚያበላሸው። ሶደሬ ለመዋኘት ጎራ የምትሉ ከሆነም መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፤ ጥላ ካልተገኘ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱና ቦርሳውን ነጭ አንሶላ አልብሱት። ጥቁር ቦርሳ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ከአካባቢው አየር በላይ ይግላል።

ማጣበቂያው መላላቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ራሱና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ፌሩል የምትባል ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ከራሱ አንገት ተለይታ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካሳየች አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። አንዳንዴ ቀለበቷ ብቻዋን ወደ ላይ ትንሸራተታለች፣ ያ ለመልክ ካልሆነ ችግር የለውም። ለመለየት አንድ እጃችሁን ዘንጉ ላይ፣ ሌላውን ራሱ ላይ አድርጉና ልብስ እንደሚጨመቅ በተቃራኒ አቅጣጫ ለማዞር ሞክሩ። ትንሽ ከዞረ ወይም «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰጠ በዚያ ዱላ አትምቱ። ድራይቨር በመካከለኛ ተጫዋች እጅ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወረወራል፤ ራሱ በዚያ ፍጥነት ቢነቀል ፊት ለፊት የቆመ ሰው ሊገድል ይችላል። በሱፐር ግሉ ልጠግነው አትበሉ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናል፣ የምት ንዝረት ይሰብረዋል። የሚያስፈልገው ለጎልፍ ዘንግ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ነው፤ አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ ይወጣል፣ አዲሱ ይቀባል፣ ከዚያ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ እስኪሞላ ሳይነካ ይቀመጣል። ብዙዎቹ 24 ሰዓት ይጠይቃሉ።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ

የአዳማ አቧራ ተራ አፈር አይደለም። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ስለሆነ ነፋሱ የሚያነሳው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድና ደቃቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። የድራይቨሩን ቀለም ያደበዝዛል፣ ክሮሙን ይጭራል። ክሮም ከተጫረ ከሥሩ ያለው ብረት እርጥበት ያገኛል፣ ከዚያ ዝገት ይጀምራል። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት፣ ቀጥሎ አድርቁት።

ለትክክለኛው አጠባ ባልዲ ውስጥ ሦስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ አድርጉና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ጨምሩ። አይረኖችን (ጠፍጣፋ የብረት ራስ ያላቸውን ዱላዎች) እና ዌጆችን (ለአጭር ምት የሚሆኑትን አጫጭሮቹን) ራሳቸው ብቻ እስኪሸፈን አስገቧቸው፤ ውሃው ፌሩሏን መንካት የለበትም፣ በዚያ በኩል ወደ አንገቱ ይሰርጋል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፊታቸው ላይ የተቀረጹትን መስመሮች አንድ በአንድ ፈትጉ። ድራይቨርና ሌሎች ባለ ትልቅ ራስ ዱላዎች በፍጹም አይዘፈዘፉም፤ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ የገባው ውሃ በቀላሉ አይወጣም። እነሱን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ በቂ ነው። የሽቦ ብሩሽና በረኪና ከዚህ ሥራ ይራቁ፤ በረኪና ብረት ይበላል፣ «የማይዝግ» የሚባለውን ጭምር።

መያዣው በዚያው የላርጎ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይታሻል፣ በንጹሕ ውሃ ይታበሳል። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቧንቧ ሥር የምታጥቡ ከሆነ በአውራ ጣት ድፈኗት፣ አለዚያ ውሃ በዘንጉ ውስጥ ወርዶ የብረት ዘንግን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ሲዝግም አይታይም። ማድረቂያው ጥላ ነው፣ ፀሐይ አይደለም። ቤንዚን፣ ናፍጣና አልኮል ላስቲኩን ስለሚያበላሹ ላብና ቅባት ለማስለቀቅ ብላችሁ አትጠቀሙባቸው።

እርስ በርሳቸው እንዳይጎዳዱ

ከካርቦን ክር የሚሠራው ግራፋይት ዘንግ ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ግን ጎኑን ሲመታ አይወድም። ቦርሳ ውስጥ ዋናው ጠላቱ ጎረቤቱ አይረን ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የብረቱ ጠርዝ ዘንጉን እየቀጠቀጠ ቀለሙን ይልጣል፣ ቀጥሎም ክሩን ይቆርጣል። መፍትሔው አሰካኩ ላይ ነው። ረጃጅሞቹ፣ ማለትም ድራይቨር፣ «ውድ» የሚባለው ሌላው ባለ ትልቅ ራስ ዱላና ሃይብሪድ (በውድና በአይረን መካከል ያለው)፣ የትከሻ ማንገቻው ባለበት በኩል ይሰኩ። መካከለኞቹ አይረኖች መሐል፣ አጫጭሮቹ አይረኖችና ዌጆች ከማንገቻው ተቃራኒ ባለው ፊት። በዚህ አደራደር የአይረኖቹ ራስ ከረጃጅሞቹ ዘንግ ጋር በቁመት ቢገናኝም በጎን ይራራቃል። ኳስ ወደ ጉድጓዱ የሚገፋበት ፓተር ለብቻው ክፍል ቢያገኝ ይመረጣል፤ አንገቱ በጥቂት ዲግሪ ቢጣመም እንኳ ኳስ መስመሯን ትስታለች፣ ተጫዋቹም ችግሩን እጁ ላይ ይፈልጋል። የጨዋታ ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ አይፈቅድም፤ 15ኛና 16ኛ ለልምምድ ብላችሁ የምትጨምሩት ቦታውን ከማጣበብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ለድራይቨርና ለውድ የራስ ሽፋን የግድ ነው። ዋናው ሽፋን ከጠፋ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ወይም ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ ተቆርጦ ጫፉ የተሰፋ ይተካዋል። በዝናብ የራሰ ሽፋን ግን ከመሸፈን ይልቅ ያዝጋል፤ ቤት ስትደርሱ አውልቁትና ለየብቻ ይድረቁ። አይረኖች መሐል አንድ ፎጣ ማስገባት በመኪና ጉዞ ጊዜ የሚሰማውን ኳኳታ ያጠፋል። ቦርሳ ይዛችሁ ስትራመዱም በነጻ እጃችሁ ራሶቹን ሰብሰብ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሌላ ሰው የሚሸከምላችሁ ከሆነ ይህንኑ ንገሩት።

ግራፋይቱ መጫሩን ወይም መቆረጡን ለመለየት የጥጥ ቁራጭ ዘንጉ ላይ ከላይ እስከ ታች አሻሹ። ጥጡ የያዘበት ቦታ ካለ ክሩ ተቆርጧል፤ ያ ዘንግ መሐል ምት ላይ ሊሰበር ስለሚችል ይቀየር። ጥጡ በሰላም ካለፈ ጭረቱ የቀለም ብቻ ነው። የብረት ዘንግ በበኩሉ አይቆረጥም፣ ይጎብጣል፤ ጎብጦ የተቃና ዘንግ እዚያው ቦታ ላይ ደካማ ሆኖ ይቀራል።

ቤት ውስጥ

ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ቀን እንደ መኪናው ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ጤዛ ያወርዳል። ኮርኒስ ያለው ክፍል ምረጡ፤ ከውጭ ግድግዳ ይልቅ የውስጥ ግድግዳ ጥግ ይሻላል። ሊሾ ወለል በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ስለሚስብ ቦርሳው በቀጥታ አይቀመጥበት፤ ሁለት ጡብ ላይ ሳንቃ አድርጉና ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ፕላስቲክና ማዳበሪያ አታልብሱት፣ እርጥበቱን አፍነው ያቆዩታል። አሮጌ የጥጥ አንሶላ አቧራውን ይከላከላል፣ አየርም ያስተላልፋል።

አናጺ የምታውቁ ከሆነ ማስቀመጫ ማሠራት ከቦርሳ ይበልጣል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ሳንቃ ለታች፣ እኩያው ለላይ፣ በመሐላቸው 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት። የላይኛው ሳንቃ ጠርዝ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 14 ጥርሶች ይቆረጡ፦ ለባለ ትልቅ ራስ አራቱ ከመሐል እስከ መሐል 14 ሳንቲ ሜትር፣ ለቀሩት ዘጠኝ ዘጠኝ። የጥርሶቹ ውስጥና የታችኛው ሳንቃ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይለበጡ። ዱላው ራሱን ወደ ታች አድርጎ ይቆማል፣ ዘንጉ ጥርሱ ላይ ያርፋል። ባዶ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ዱላ ግን አንድ ቀን በር ሲዘጋ ይወድቃል፤ ሊሾ ላይ የወደቀ ድራይቨር ላይ የተፈጠረ ስርጉድ ደግሞ አይመለስም።

ክረምቱን ሙሉ የማትጫወቱ ከሆነ ታጥቦ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ክሮም ያልተቀባ ዌጅ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርጉና ስስ ሽፋን ብቻ እስኪቀር አብሱት፤ መያዣው ዘይት እንዳይነካው። ከመጫወታችሁ በፊት ፊቱን በሳሙና ማጠብ አትርሱ። የቦርሳውን ኪሶች ባዶ አድርጉ፤ እርጥብ ጓንት ይሻግታል፣ የተረሳ ቆሎ ወይም ሙዝ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ከመጣ ደግሞ ጨርቁንና ቆዳውን አይምርም። በወር አንዴ ክፈቱና እዩ።

ቀላል ዝገት ከታየ በነጭ አቼቶ በራሰ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሸፍናችሁ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። ክሮሙ መላጥ የጀመረ ከሆነ አቼቶውን ተዉት፣ ልጡን ያሰፋዋል።

ጭነት

እንደ ቪትዝ ባለ ትንሽ መኪና ቦርሳው በቁመቱ ስለማይገባ ተጭኖ የሚዘጋው የኋላ በር ድራይቨሩን ይሰብረዋል። አንደኛውን የኋላ ወንበር አጥፉና ሰያፍ አስተኙት፤ ላዩ ላይ ምንም አይጫን። ባጃጅ ውስጥ ራሶቹ ወደ ላይ ሆነው በእግራችሁ መሐል ይቁም፣ በጎን በኩል አንድም ነገር ወጥቶ እንዳይታይ። ሚኒባስ ላይ አብሯችሁ ውስጥ ካልገባ፣ ጣሪያ ላይ ሲጫን ከሁሉ የመጨረሻ፣ ከሁሉ በላይ ይሁን። ገመዱ የሚያልፈው በቦርሳው ገላ ላይ እንጂ በዘንጎቹ ላይ አይደለም፤ ወጥሮ የታሰረ ገመድ የብረት ዘንግ ያጎብጣል።

ከቦሌ የምትበሩ ከሆነ ዱላ ወደ አውሮፕላኑ ክፍል ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ከሻንጣ ጋር ይጫናል። ሻንጣ ሲወረወር መጀመሪያ መሬት የሚመታው የረጅሙ ዱላ ራስ ነው። ስለዚህ ከድራይቨሩ ሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ በትር ቦርሳው መሐል ይሰካ፤ ወፍራም የመጥረጊያ እንጨት ወይም የአንድ ኢንች የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ይበቃል። ላይኛው ጫፍ ላይ ቀዳዳ የተበጀለት የቴኒስ ኳስ አጥልቁበት፣ ታችኛውን በጨርቅ ጠቅልሉት። ግፊቱን በትሩ ይቀበላል፣ ራሱ ይተርፋል። ራሱ የሚፈታ ከሆነ ከዱላው ጋር በተሰጠው ቁልፍ ፍቱት፣ ሽፋኑን አልብሳችሁ ልብስ መሐል ክተቱት፤ መልሳችሁ ስታስሩ ቁልፉ «ቀጭ» ሲል አቁሙ፣ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ብሎኑን ያበላሻል። የቀሩትን ራሶች በፎጣ አንድ ላይ አስራችሁ በጫማና በሹራብ ክበቧቸው። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ስለሆነ ኳሶቹን ቀንሱ፤ አንድ ደርዘን ኳስ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። የርቀት መለኪያው መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ቦርሳ ይሂድ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ራሶቹንና ዘንጎቹን ፎቶ አንሱ። ስትደርሱ ሽፋኑን እዚያው የሻንጣ መቀበያ አዳራሽ ውስጥ ክፈቱት፤ ጉዳት ካያችሁ ከአዳራሹ ሳትወጡ አስመዝግቡ።