ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ወደፊት አልሄድ ሲል

ባህር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር፣ ጠዋት ጠዋት ፈረሴን ድሬሳዥ (በጋላቢው ቀላል ምልክት ረጋ ብሎ፣ ተስተካክሎ የመራመድ ስልጠና) አለማምዳለሁ። ፈረሱ ከአዊ የመጣ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው የእዚያ ፈረስ ምን እንደሚለምድ ያውቃል፤ ሽምጥ መጋለብ። ረጋ ብሎ፣ ጀርባውን አንስቶ መራመድ ለእሱ አዲስ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ዛቡን አሳጥሬ ያዝኩና አገጩን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ተሳካልኝ ብዬ ኮራሁ። አንድ ባለጋሪ ቆሞ አየኝና «ጋሼ፣ ፊቱ አምሯል፤ ኋላው ግን ተኝቷል» አለኝ።

አንገቱ ጎብጧል፣ እርምጃው ግን አጥሯል

እርጥብ አሸዋ ላይ አራምዱትና ተመልሳችሁ ዱካውን እዩ። በእርምጃ ሲሄድ የኋላ ሰኮናው የፊተኛውን ዱካ አልፎ ቢያርፍ ጥሩ ነው። በሶምሶማ ቢያንስ እላዩ ላይ ይረፍ። የእኔው አንድ ስንዝር ወደኋላ ቀርቶ ነበር።

ምክንያቱ እጃችሁ ነው። የኋላ እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲገቡ ጀርባው ይነሳል፤ አንገቱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይጎብጣል። ከፊት ስትጎትቱት ጀርባው ይሰምጣል። የአገራችን ልጓም ደግሞ አፍ ላይ ይከብዳል፤ መሀሉ ላይ የሚታጠፍ ለስላሳ ብረት ይሻላል።

20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላይ አዙሩት። በውስጠኛው እግራችሁ ጎኑን ጫን አድርጉ፣ የውጪውን ዛብ ሳትጎትቱ ያዙ። በየ10 እና 15 እርምጃው ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ቀያይሩት። መሀል ላይ ዛቡን ለቀቅ አድርጉ። አፍንጫውን ወደፊትና ወደታች ከዘረጋ ገብቶታል። ሽቅብ ከወረወረው ገና ነው።

እግር ሲነካው አይሰማም

በየእርምጃው ስለምትኮለኩሉት ደንዝዟል። አንዴ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ካልሄደ አንዴ ጠንከር። እሺ ሲል ወዲያው ተዉት፤ ዋናው እሱ ነው።

ጀርባውን ያደነድናል

ኮርቻውን አውርዱና ላቡን እዩ። ዙሪያው ረጥቦ መሀሉ ደረቅ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱን የሚነቀንቅና ምግብ ከአፉ የሚጥል ከሆነ ግን ጥርሱን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ክረምት ላይ፣ ዋልካው ሲላቁጥ፣ እርምጃ ይበቃል።

በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል

አንድ ማለዳ ብኮለኩለው፣ ብለማመጠው ንቅንቅ አልል አለ። ግትርነት መስሎኝ ልቆጣው ስል ደንገሉ ውስጥ አንድ ነገር እፍ አለ። ጉማሬ! ለዚህኛው መፍትሄው አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ አዙሮ ወደ ቤት።