ወደ ላም ወተት ሲመለሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዓመታት በዱቄትና በካርቶን ወተት የኖረ የደሴ ቤተሰብ ከገራዶ ወይም ከቦሩ ሜዳ በጠዋት ወደሚመጣው የላም ወተት ለመመለስ ሲወስን፣ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣሣው የጣዕም ናፍቆት ነው። ውሳኔውን አልነቅፍም፤ በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ይሠራው የነበረው ሥራ በፋብሪካው አይቀርም፤ ማጣራቱም፣ ማሞቁም፣ ማቀዝቀዙም፣ ጥራቱን መፈተሹም ወደ ማድ ቤት ይዛወራል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ካለመገንዘብ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው «ብዙ ያልተቀነባበረ» የሚለውን «ጥሬ» ከሚለው ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ውሃው ተንኖ ያለቀው የዱቄት ወተት በአንድ ጫፍ ይቆማል፤ ከ135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለጥቂት ሴኮንዶች ሞቆ፣ ታሽጎ ለወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ይከተለዋል፤ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሚሞቀው ፓስቸራይዝድ ወተት ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ሂደት ያለፈበት ነው። ስልባቦቱ ሳይገፈፍ በቤት የሚፈላው የላም ወተትም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል እንጂ ጥሬ አይባልም። ጥሬ ወተት ላሞችን የሚያስወርደውን ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ያሻግራል። «አባቶቻችን በጥሬው ጠጥተው ዕድሜ ጠግበዋል» የሚል ሰው ከቡና ላይ አይጠፋም፤ ምክንያቱ ባልታወቀ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወራት የተኛው ግን በዚያ ጨዋታ አይነሣም። እንገርም ቢሆን በጥሬው ሊጠጣ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት መገንፈሉን እንደ መፍላት መቁጠር ነው። ወተት ሲሞቅ ከላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት በዚያ ሽፋን ስለሚታፈን አረፋው ብድግ ብሎ ድስቱን ይሞላል። በዚያች ቅጽበት እሳቱን የሚያጠፋ ሰው ወተቱ ሁሉ እኩል መሞቁን ሊያረጋግጥ አይችልም። አረፋው ሲነሣ እሳቱን ቀንሰው፣ በእንጨት ማንኪያ ከሥሩ እያማሰሉ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፈሳሽ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ወደ 94 ይጠጋል። አንድ ዘመዴ ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ደሴ ላይ ወተት አይበስልም» ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ነገር ግን 92 ለፓስቸራይዝድ ወተት ከሚበቃው 72 በብዙ ስለሚበልጥ ስጋቱ መሠረት የለውም። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክም አያስፈልግም፤ ካልሲየሙ ባይጠፋም አንዳንዶቹ ቫይታሚኖች ይቀንሳሉ።

ሦስተኛው የሚመጣበትን ዕቃ አለማየት ነው። እኛ በመጀመሪያው ወር ደንበኛ ያደረግናቸው እናት ወተቱን በዘይት ጀሪካን ያመጡልን ነበር፤ ሦስት ጠዋት በተከታታይ ምድጃ ላይ ተቆራረጠብን። ውሃ ተጨምሮበት ይሆናል ብዬ በልቤ አማኋቸው፤ ጥፋቱ ግን የጀሪካኑ ነበር። አንገቱ ጠባብ በመሆኑ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ከጥጉ የቀረው የትናንት ወተትም የዛሬውን ያኮመጥጠዋል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ገዝተን ሰጠናቸው፤ ከዚያ በኋላ አልተቆራረጠም። ዕቃን በወይራ ማጠን ለመዓዛውም ለመቆያውም ይረዳል፤ የእጥበትን ቦታ ግን አይተካም። የውሃውን ጥርጣሬ በተመለከተ፣ ጤነኛ ወተት በሊትር ከ1,028 እስከ 1,032 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ላክቶሜትር የተባለው የወተት መፈተሻ መሣሪያ ይለየዋል፤ ይሁንና ስልባቦቱን ገፎ ውሃ የጨመረ ሻጭ መሣሪያውንም ሊያታልለው ይችላል።

«የተፈላ ወተት አይረጋም» ብሎ ለእርጎ ጥሬውን ማስቀመጥ አራተኛው ነው፤ ጥንቁቅ የሚባሉ ቤቶችም ይሳሳቱበታል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ መፍላቱ የሚያረጉትንም ተሕዋስያን ስለሚገድል ወተቱ በራሱ እንደ ወትሮው አይረጋም። ስለዚህ ከተፈላ በኋላ ለብ እስኪል፣ ማለትም የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲል እስከማያቃጥል ድረስ አቀዝቅዘው፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምረው ያማስሉትና ክዳኑን ይግጠሙ። ኮምቦልቻ ላይ እስከ ማግሥቱ ይረጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ግን ዕቃውን በጋቢ መጠቅለል ያስፈልጋል። እርሾ የሚያደርጉት እርጎም ከተፈላ ወተት የተዘጋጀ ይሁን፤ ከጥሬ የረጋውን ከጨመሩ በእሳት ያስወጡትን በማንኪያ ይመልሱታል። ኮምጣጣነቱ ይገድለዋል ብሎ መተማመንም አይገባም፤ የብሩሴሎሲስ ተሕዋስ በረጋ ወተት ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

መፍላት ሁሉን ነገር ያጠራል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። እሳት ተሕዋስያንን እንጂ ለታመመች ላም የተሰጠን መድኃኒት ቅሪት አያስወግድም፤ ርጥበት ነክቶት ከሻገተ ፋጉሎ ወደ ወተት የሚያልፈውን አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝም እንዲሁ። ለዚህ ያለው መንገድ መጠየቅ ነው፦ ላሟ መርፌ ከተወጋች ስንት ቀን ሆናት? ፋጉሎው የሚቀመጠው የት ነው? በጥያቄው የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

መጠኑን አለማመጣጠን ቀላል ቢመስልም ብዙ ወተት ያስደፋል። የተፈላውን ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው ቶሎ ካቀዘቀዙ በኋላ ማቀዝቀዣ ያስገቡ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን፣ በተለይ ሙቀቱ በሚበረታባት ኮምቦልቻ፣ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይግዙ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የክርስቲያኑ ደንበኛ ሲቀር ላሟ መታለቧን አታቆምም፤ በዚህ ጊዜ የሚገዙ የሙስሊም ቤተሰቦች የማታው ከጠዋቱ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይመጣላቸው ሊጠይቁ ይገባል።

በመጨረሻ፣ «ቤቱ ሁሉ ቀይሯል» ብሎ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን አብሮ ማሻገር አይገባም። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ጡት ያላገኘና በሐኪም ምክር የሕፃናት ዱቄት ወተት የሚጠጣም ካለ በዚያው ይቀጥል። የላም ወተት ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በጣም ያንሰዋል፤ ፕሮቲኑና ማዕድኑ ደግሞ ለጨቅላ ኩላሊት ይከብዳል። ውሃ ጨምሮ ማቅጠንም ብረቱን አያመጣለትም፤ ያለውን ምግብ ይቀንሰዋል እንጂ።