አዳማ ላይ ለቤት ጄኔሬተር ቀድመው የሚያዙ መለዋወጫዎችና ተጨማሪ ዕቃዎች

መብራት ሲሄድ አልነሳም ያለ ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ አይደለም። ወይ ካንዴላው ጠቁሯል፣ ወይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል፣ ወይ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ደርቆ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ሦስቱም በትንሽ ገንዘብ የሚፈቱ ናቸው፤ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚከፍት መለዋወጫ ሱቅ የለም። ስለዚህ ርካሾቹን ዕቃዎች አስቀድመው ቤት ያኑሩ፣ ውዶቹ ይቆዩ።

ሱቅ ሄደው «ባለ 2.5 ኪሎዋት ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ሻጩ የሚፈልገው የሞተሩን መለያ ነው፦ 168ኤፍ፣ 170ኤፍ፣ 188ኤፍ የሚለውን። የመጀመሪያው 1 የሲሊንደሩ ብዛት፣ ቀጣዮቹ ሁለት አኃዞች የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር ናቸው። በ168 ስም ባለ 163 ሲሲም ባለ 196 ሲሲም ስላለ የሞተር የውስጥ ዕቃ ሲገዙ ሲሲውንም ይናገሩ። ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈውን ታርጋ በስልክ ፎቶ አንስተው መያዝ ይቀላል።

የአየር ፊልትሮ

የአዳማን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ በበጋ አቧራውንም ይዞ ይዞራል። የአምራቾች መመሪያ ብዙ ጊዜ የፊልትሮውን ስፖንጅ በየ50 የሥራ ሰዓቱ አጽዱ ይላል፤ በዚህ ከተማ ግን በየ20 ሰዓቱ ከፍቶ ማየት ይሻላል። ሁለት ትርፍ ስፖንጅ ይኑርዎት፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲሠራ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው፦ ስፖንጁን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ ሳይጠመዝዙ ይጭመቁት፤ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ነክረው ዘይቱ መንጠባጠብ እስኪያቆም ይጨምቁት። ዘይት ያልነካው ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አይዝም፤ ዘይት የበዛበት ደግሞ አየር ይዘጋና ሞተሩ ሲነሳ ያጨሳል። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ አራግፈው ይመልሱት፣ ከጠቆረ ይቀይሩት። ፊልትሮ አውልቆ ማስነሳት ሲሊንደሩን በአሸዋ እንደ መሞረድ ነው።

ካንዴላና ዘይት

በ168ኤፍ እና በ188ኤፍ ዓይነት ሞተሮች ላይ የሚገባው ካንዴላ በአብዛኛው ኤፍ7ቲሲ ወይም ኤፍ7አርቲሲ ነው፤ በኤንጂኬ ቢፒአር6ኢኤስ ይተካል። ሁለት ይግዙ፣ ከካንዴላ መፍቻው ጋር። ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። ሲያስገቡ መጀመሪያ በእጅ ያሽከርክሩ፤ ከተቀመጠ በኋላ አዲሱን በመፍቻ ግማሽ ዙር፣ አሮጌውን ከሩብ ዙር ያልበለጠ ያጥብቁ። የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል።

የወጣውን ካንዴላ ሳያዩ አይጣሉ። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ፊልትሮው ታፍኗል ወይም ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጂግለሩ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው ዕቃ) ሳይደፈን አልቀረም፤ በዘይት ከረጠበ የፒስተኑ ቀለበት ወይም ባልቦላው ይታይ።

168ኤፍ ወደ 0.6 ሊትር፣ 188ኤፍ ወደ 1.1 ሊትር ዘይት ይይዛል። 10ደብሊው-30 ይበቃል። የመጀመሪያው ቅያሬ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ነው፤ በአቧራ በየ50 ያድርጉት። አሮጌውን ዘይት ሞተሩ ሞቅ ሲል ያፍስሱት። በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠመው ትንሽ የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ እሱ ሰዓቱን በግምት ነው የሚይዙት። ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ ብልጭታውን የሚያቋርጥ ሴንሰር ስላላቸው አልነሳ ሲል ካርቡሬተር ከመፍታትዎ በፊት ዘይቱን ይዩ፣ ሞተሩም ዘንበል ብሎ እንዳልቆመ ያረጋግጡ።

ትንሿ ባለ ሁለት ስትሮክ 950 ዋት የዘይት ማጠራቀሚያ የላትም። መመሪያዋ 50 ለ 1 ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ይቀላቀላል።

ቤንዚንና ካርቡሬተር

ከአንድ ወር በላይ የማይነሳ ከሆነ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው እስኪጠፋ ያሠሩት። ትርፍ ይዘው የሚያኖሩት የካርቡሬተሩን ጽዋ ጎማ፣ የቤንዚን ቱቦና ትንሽ ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ፓምፕ ለሌለው ሞተር የሚሆን ይሁን፤ ለመኪና የተሠራው ወረቀት ለበስ በክብደቱ ብቻ የሚወርደውን ቤንዚን ሊያዘገይ ይችላል። ጂግለር ሲያጸዱ በቀጭን የመዳብ ክር እንጂ በመርፌ አይሁን፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሞተሩ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትንሹ ጂግለር ነው።

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ ኃይል ወደ 3.5 በመቶ ስለሚቀንስ ታርጋው 2.5 ኪሎዋት የሚለው እዚህ ከ2 ብዙም አይበልጥም። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል፤ አነስ ያለ ዋና ጂግለር ጥቀርሻውን ይቀንሳል፣ የጠፋውን ኃይል ግን አይመልስም። ጄኔሬተሩን ወደ መተሃራ ቆላ ካወረዱት የቀድሞውን ጂግለር ይመልሱ፤ ያለዚያ ሞተሩ ይግላል። በዚህ ኃይል ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖል ይሄዳሉ። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበውን የእንጀራ ምጣድ አያስቡት።

ኤቪአርና ቮልቴጅ

ሞተሩ በደህና እየሠራ ቮልቱ ከወረደ ኤቪአር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ከመግዛትዎ በፊት ጄኔሬተሩን አጥፍተው ካርቦን ብሩሹን (ወደሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን) ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀው እሱ ነው። ኤቪአር የሚገዛው አሮጌውን ይዞ ነው፦ የሽቦው ብዛት፣ የሶኬቱ ቅርጽና ኪሎዋቱ መግጠም አለባቸው። ቮልት ለማስተካከል ብሎ የሞተሩን ፍጥነት መጨመር ስህተት ነው፤ 50 ኸርዝ የሚገኘው በደቂቃ በ3,000 ዙር ነው። ቮልትና ኸርዝ የሚያሳይ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ያሳጥራል።

ቼንጅ ኦቨርና ገመድ

ገንዘብ የሚወጣበት ተጨማሪ ዕቃ አንድ ብቻ ቢሆን ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከመብራት ኃይል መስመር ወይ ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ነው። ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ፣ መሃሉ ላይ ዜሮ ያለው ይሁን፤ የሚገጥመውም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን። ሁለቱም ጫፉ ስፒና በሆነ ገመድ ግድግዳ ሶኬት ውስጥ መስካት በምንም ምክንያት አይፈቀድም። የእርስዎ 220 ቮልት ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ተመልሶ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል፣ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል።

ቼንጅ ኦቨር እስኪገባ ባለ ሦስት ሽቦ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይጠቀሙ። በጥቅል ያለ ገመድ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ዘርግተውት ያሠሩ።

ርዝመቱ ቢያንስ 10 ሜትር ይሁን፣ ምክንያቱም ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት። በረንዳም ጋራዥም አይሆንም፤ የጋራ ግቢ ከሆነ የጎረቤትም መስኮት ይቆጠራል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ስለዚህ መኝታ ቤት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር።

ድምፅ ይቀንሳል ተብሎ የሚሠራው የጣውላ ሳጥን ግን አየር ነፍጎ ሞተሩንም ኤቪአሩንም ያቃጥላል። ለዝናብ አራት ቋሚና ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት፣ ይበቃል።