የሞዴል ባቡራችሁ ሞጁል (ሐዲድ የተነጠፈበት ተገጣጣሚ ጠረጴዛ) መጋጠሚያ ላይ ከሐዲድ ለሚወጣባችሁ

ለገሀር አካባቢ አዳራሽ ይዘን ስምንት ሞጁል ገጣጠምን። ሁሉም ኤችኦ (HO) የሚባለው የሞዴል ባቡር መጠን ነው፤ ከእውነተኛው 1፡87፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር። እያንዳንዱ ሞጁል ብቻውን ሲሞከር ሰላም ነው። ሲገጣጠም ግን ባቡሩ አራተኛው መጋጠሚያ ላይ ሁሌ ይወድቃል።

መጀመሪያ ጎማውን አጸዳን። ከዚያ እግሮቹ ስር ካርቶን አጥፈን ከተትን፤ ትንሽ ይሠራና ካርቶኑ ሲጨፈለቅ ያው ነው። እያንዳንዱን በውሃ ልክ አስተካከልን፣ አሁንም አልሆነም። ለካ ሁለት ሞጁል ለየብቻው ልኩ ሆኖ በከፍታ ሊለያይ ይችላል! ሁለት ቅዳሜ እንዲሁ አለቀ።

የፈታልን ግንበኞች የሚጠቀሙበት፣ ውሃ የተሞላ፣ ውስጡን የሚያሳይ ነጭ ቱቦ ነው። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ወለሉ ከፍ ካለበት ቦታ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ሌሎቹን ማንሳት እንጂ ያንን ዝቅ ማድረግ አትችሉም። እዚያ ሐዲዱን ከወለሉ 127 ሴንቲሜትር ላይ አድርጉና የውሃው ልክ ከሐዲዱ እኩል እንዲሆን የቱቦውን አንድ ጫፍ ያዙበት፤ ሌላውን ጫፍ በየሞጁሉ እያዞራችሁ የውሃውን ልክ እዩ። ከዚያ እግሩ ላይ በዳዶ የታሰረውን ቡሎን እያዞራችሁ ሐዲዱን የውሃው ልክ ላይ አድርሱትና ሞጁሎቹን በሞርሴቶ (መቆንጠጫ) እሰሩ። መጋጠሚያውን በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ጥፍር ካልያዘ ጎማም አይይዝም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ሄደ፣ አንዴም አልወደቀም።